የቅንጦት ኤስዩቪ፦ መግዛቱ ሌላ፣ ማስተዳደሩ ሌላ

የቅንጦት ኤስዩቪ፣ ማለትም ከፍ ያለ፣ ሰፊና ምቹ መኪና፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው የመግዣውን ዋጋ ነው። ገንዘቡ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ባንክ ያበድራል ወይስ አያበድርም? አዲስ ይሻላል ወይስ ጥቂት ዓመት ያገለገለ? ስሌቱ ተገቢ ነው፤ ግን የሒሳቡ ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ የሚጀምረው ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ ነው። እነዚህ መኪናዎች ባረጁ ቁጥር የመሸጫ ዋጋቸው ይወድቃል፤ የሚያስወጡት ወጪ ግን አብሮ አይወድቅም፣ እንዲያውም ይጨምራል። ጥቅሙም ጉዳቱም መመዘን ያለበት ይህን ይዞ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ማሽኖች

ቅንጦትና ኤስዩቪ ድሮ አይተዋወቁም ነበር። ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ ሲወጣ ወንበሩ ቪኒል፣ ውስጡም ጭቃ ሲነካው በውኃ የሚታጠብ መኪና ነበር። በ1979 የተከተለው የመርሴዲስ ጂ-ክላስም ለወታደርና ለደን ሠራተኛ የሚስማማ የብረት ሣጥን ነበር። ቆዳው፣ እንጨቱና ጸጥታው የመጡት ቀስ በቀስ ነው። በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ ነገሩ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ሌክሰስ አርኤክስና ቢኤምደብሊው ኤክስ5 ከጭነት መኪና ሳይሆን ከቤት አውቶሞቢል አሠራር ተወለዱ። ፖርሽ በ2002 ካየንን ይዞ ተከተለ። ዛሬ ቤንትሌይ፣ ሮልስ ሮይስ፣ ላምቦርጊኒና ፌራሪ ሳይቀሩ ከፍ ያለ መኪና ይሠራሉ።

ይህ ታሪክ ለገዢው ፋይዳ አለው። አንዱ ወገን አካሉ በሻንሲ፣ ማለትም ለብቻው በተሠራ የብረት አጽም፣ ላይ የተጫነ መኪና ነው፤ ሌክሰስ ኤልኤክስ፣ ጂ-ክላስና ካዲላክ ኤስካሌድ ከዚህ ይመደባሉ። ሻንሲው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ድንጋያማና የተቦረቦረ መንገድ ሲያንገላታው ይችላል፣ ከባድ ተጎታችም ይስባል። ሌላው ወገን ሻንሲና አካል ሳይለይ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ኤክስ5፣ ኦዲ ኪው7፣ ካየን፣ መርሴዲስ ጂኤልኢና አርኤክስ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ አስፋልት ላይ የተሻለ ይነዳሉ፣ መታጠፊያ ላይ ያን ያህል አያዘነብሉም፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ። ሬንጅ ሮቨር ራሱ ከአሮጌው ሻንሲ ተላቅቆ አንድ ወጥ ከሆነ ቆይቷል፤ በ2012 የወጣው ትውልድ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን 900 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ እንዲሻገር ተደርጎ ተነድፏል። ስለዚህ «ሻንሲ የሌለው ከመንገድ ውጭ አይሄድም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ሆኖም አብዛኛው ገዢ ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ውሎ ስለሚያድር፣ የማይሄድበትን በረሃ እያሰበ ለሻንሲ መክፈል የለበትም።

ትርፉ ገንዘብ ምን ይገዛል?

ብዙ ገዢዎች የማያውቁት ወይም ሻጮች የማይነግሯቸው ነገር አለ። ካየን፣ ኪው7፣ ቮልስዋገን ቱዋሬግ፣ ቤንትሌይ ቤንታይጋና ላምቦርጊኒ ኡሩስ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ሌክሰስ ኤልኤክስ ከቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ኢንፊኒቲ ኪውኤክስ80 ከኒሳን ፓትሮል፣ ኤስካሌድ ከሼቭሮሌ ታሆ ጋር የሥጋ ዝምድና አላቸው። ይህ ማለት የቅንጦቱ ስም ያለው መኪና ውሸት ነው ማለት አይደለም። ትርፉ ገንዘብ የሚውለው በድምፅ መከላከያ፣ ድርብ በሆነ መስታወት፣ በወንበር፣ ጉብታ ሲያልፉ በሚለሰልስ የሞላ ሥርዓት፣ በሞተር ጉልበትና፣ ምን ይደበቃል፣ በአርማው ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በእኔ ሚዛን ገንዘብ የሚያወጣው ጸጥታው ነው። ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ሲደርስ የሚያደክመው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የጎማው ጉርምርምታ፣ የነፋሱ ፉጨትና የመንገዱ ንዝረት ነው። ጥሩ የቅንጦት መኪና ይህን ይቀንሳል፤ አምስት ሰዓት የነዳ ሰው ሲወርድ ሥራ መጀመር ይችላል። በሥራው ምክንያት በየሳምንቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ይህን ቅንጦት ቢለው እንኳ ለእርሱ ከሥራ መሣሪያ አይለይም። በቀን አሥር ኪሎ ሜትር በተጨናነቀ መንገድ ለሚነዳ ግን ያው ጸጥታ ውድ ጌጥ ነው።

የመቀመጫው ከፍታም እውነተኛ ጥቅም አለው። ጉልበቱን ለሚያመው ወይም በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ወደ ታች ወርዶ ከመቀመጥና ተንጠላጥሎ ከመውጣት ይልቅ ወገቡን በወንበሩ ልክ አድርጎ መግባት ትልቅ እፎይታ ነው። ሕፃን ልጅን በልጆች ወንበር ላይ ማሰርም ጀርባ ሳይጎብጥ ይሆናል። ተጎታች ለሚስብ ደግሞ ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ የራሱ ፍሬን ያለውን እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጎታች እንዲስቡ ተፈቅዶላቸዋል። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ግን ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ ይጠቅማል። በመካከለኛዎቹ መኪናዎች ላይ አዋቂ ሰው ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ ይቀመጣል፤ ረድፉ ሲዘረጋም ፖርቶባጋሊዮው አንድ ሻንጣ እንኳ በወጉ አይችልም። ሰባት ሰው አዘውትሮ የሚጭን ቤተሰብ ሚኒባስ ወይም የቤተሰብ ቫን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ቢያፍርበትም።

ስለ አርማው የሚነገረው ግብዝነት ይበዛበታል። ሰው ሲያየው የሚደሰትበትን መኪና መፈለግ ነውር አይደለም። ነውሩ ያንን ፍላጎት «ለደህንነት ብዬ ነው»፣ «ለልጆቹ ብዬ ነው» እያሉ መሸፈን ነው፤ ራስን ያታለለ ሰው ሒሳቡንም አጣርቶ አይሠራም።

ደህንነት፦ ለማን?

ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ቀለል ካለው ጋር ሲጋጭ ውስጡ ያሉት ሰዎች የተሻለ ዕድል አላቸው፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። ድሮ የኤስዩቪ ትልቁ ስጋት መገልበጥ ነበር፤ ከፍታው የስበት ማዕከሉን ሽቅብ ያወጣዋል። መኪናው ሲንሸራተት ለእያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ፍሬን እየያዘ የሚያቀናው የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ ይህን አደጋ ብዙ ቀንሶታል። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠራ የሚገዛ ሰው ማረጋጊያው መኖሩን አረጋግጦ ይግዛ።

ሁለት ነገር ግን አልተቀየረም። አራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና በአራት ጎማው ነው የሚቆመው፤ ወሳኙ የጎማው ጥራት ነው። በዝናብ ወይም በበረዶ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ነጂው ሲነሳ ያገኘውን ልበ ሙሉነት ሲቆም አያገኘውም።

ሁለተኛው ውጭ ያለው ሰው ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መድን ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ከፍታ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ኮፈናቸው ዝቅ ያለና ያዘነበለ ከሆኑት በ45 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዝቅ ያለ መኪና እግር ይመታል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ከፍ ያለ ግንባር ግን ደረትና ራስ ያገኛል። ከፍ ካለ ኮፈን ፊት የቆመ ሕፃንም ለነጂው ጭራሽ አይታይም። የፊት ካሜራና በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ይህን ያቃልላሉ፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲቆጠብ መጀመሪያ የሚሰረዙት እነዚህ መሆን የለባቸውም። ከተሞችም ጉዳዩን ማየት ጀምረዋል፤ ፓሪስ ነዋሪዎቿን በ2024 ድምፅ አሰጥታ፣ ከ1.6 ቶን በላይ የሚመዝኑ የነዳጅ መኪናዎችና ከ2 ቶን በላይ የሚመዝኑ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይዘው በእንግድነት በሚገቡ ላይ የመንገድ ዳር ማቆሚያ ክፍያን ሦስት እጥፍ አድርጋለች።

ወጪው የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ወጪ ደረሰኝ የለውም፤ ዋጋ መውደቅ ነው። በብዙ ገበያዎች አዲስ የቅንጦት ኤስዩቪ በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህል ዋጋውን ያጣል፤ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። ጂ-ክላስና በላንድክሩዘር መሠረት ላይ የተሠሩት ሌክሰሶች ከሌሎቹ በተሻለ ዋጋቸውን ይይዛሉ፤ በአማራጭ ዕቃዎች የተሞላ የአውሮፓ መኪና ደግሞ ክፉኛ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ገዢ ለተለየ ቀለምና ለማሳጅ ወንበር ትርፍ አይከፍልም። የመጀመሪያው ባለቤት የሚያጣው ገንዘብ ከነዳጁም ከጥገናውም ሊበልጥ ይችላል።

ታዲያ ይህ ለሁለተኛው ገዢ ሲሳይ አይደለም ወይ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጠመደው። ሰባት ዓመት የሞላው መኪና በአዲስ ተራ አውቶሞቢል ዋጋ ሲቀርብ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን የፊት መብራቱ ዋጋ አልወደቀም፤ ኮምፕሬሰሩም፣ ካምቢዮውም እንዲሁ። መለዋወጫው የሚሸጠው መኪናው ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን አዲስ በነበረበት ዘመን ደረጃ ነው። ከአምራቹ ዋስትና ወጥቶ ገበያ ላይ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ ትላልቅ ጥገናዎች ሊመጡ በተቃረቡበት ወቅት ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ሒሳቡን አስልቶ ሊሆን ይችላል የሸጠው።

የአየር ሞላን እንውሰድ፤ የእነዚህን መኪናዎች ጠባይ እንደ እርሱ የሚያሳይ የለም። ከብረት ሞላ ፈንታ አየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት መኪናውን ይሸከማል፤ ኮምፕሬሰር አየሩን ይነፋል፣ ሴንሰሮች ከፍታውን ይለካሉ። ሲሠራ ደስ ይላል፤ ጉብታውን ይውጣል፣ ሲጫን ደረጃውን ይጠብቃል፣ ለመሳፈርም ዝቅ ይላል። ላስቲኩ ግን ዓመታት ሲያልፉ እጥፋቱ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም፤ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት አንድ ማዕዘኑ ተጎንብሶ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ ነፍቶ ያቀናዋል፣ ባለቤቱም «ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ለአጭር ጊዜ እየሠራ እንዲያርፍ የታሰበው ኮምፕሬሰር አሁን የሚያፈስ ከረጢት ሲሞላ ይውላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አንድ ከረጢት ይበቃ የነበረው ጥገና ከረጢትና ኮምፕሬሰር ይሆናል። ጎንበስ ያለች አንዲት ማዕዘን በሳምንቱ ጋራዥ ብትታይ ኖሮ ግማሹ ወጪ ይቀር ነበር።

የጣሪያ መስታወቱም እንዲሁ ነው። ሰፊ የሚከፈት ጣሪያ ያለው መኪና መስታወቱ ዙሪያ የሚገባውን ውኃ የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ በበሮቹ ምሰሶ ውስጥ አልፈው ወደ ታች ይፈስሳሉ። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውኃው ወደ ውስጥ ይመለስና ምንጣፉ ሥር ይጠራቀማል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ደግሞ ከምንጣፍ ሥር ወይም ከፖርቶባጋሊዮ ጎን የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖች ይቀመጣሉ። ሬዲዮው በራሱ ሲጠፋ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የማይገናኙ መብራቶች ሲበሩ፣ መካኒኩ ቀናት ሲፈልግ ቆይቶ የሚያገኘው የረጠበ ሶኬት ይሆናል። ቱቦውን ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

ካምቢዮው ላይ ደግሞ የተለመደ አፈ ታሪክ አለ፦ ዘይቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ አይቀየርም። ብዙ የቅንጦት ኤስዩቪዎች ላይ የተገጠመውን ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ወይም በስምንት ዓመት ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል የማንን ዕድሜ እንደሚያመለክት ገዢው ቢጠይቅ አይከፋም።

ጎማው ሌላ ነው። 21 ወይም 22 ኢንች ቸርኬ ያማረ ቢሆንም ከቸርኬው በላይ ያለው የጎማ ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ጎኑ ላይ ያብጣል ወይም ቸርኬው ይጣመማል። ከዚህ በላይ ደግሞ አራቱንም ጎማ ዘወትር የሚያሽከረክር መኪና ላይ የጎማዎቹ ጥርስ ልዩነት ሊበዛ አይገባም፤ አዲስና ያለቀ ጎማ አብረው ሲዞሩ ዙራቸው ይለያይና ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይፋጫል። ስለዚህ አንድ ጎማ ሲበላሽ ሁለት፣ አንዳንዴም አራት መግዛት ይመጣል። መጥፎ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው አምራቹ የፈቀደውን ትንሹን ቸርኬ ቢመርጥ መኪናውም ይለሰልሳል፣ ኪሱም ያርፋል። የሻጩ ፊት ያዘነ ቢመስልም።

ነዳጅ ሁሉም የሚያስበው ወጪ ስለሆነ ብዙ አላራዝምም። ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ኤክስ5 በድብልቅ ጉዞ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ባለ 5.7 ሊትር ሞተሩ ሌክሰስ ኤልኤክስ570 በከተማ ከ15 ሊትር በቀላሉ ያልፋል። ከመጠኑ ይልቅ የሚዘነጋው ጥራቱ ነው። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ድኝ የተጣራለት ናፍጣ ይፈልጋል፤ በአውሮፓ ከ2009 ጀምሮ ገደቡ በሚሊዮን 10 እጅ ነው። ጥላሸቱን የሚይዘው ማጣሪያ ራሱን ለማጽዳት 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መጋል አለበት፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ በረጅም ጉዞ ነው። አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ ወይም የናፍጣው ጥራት የማይታመንበት አካባቢ የሚኖር ሰው ማጣሪያው እየተደፈነ ያስቸግረዋል። ለእንዲህ ያለው ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ (ሞተርና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ) ይሻላል። ሶኬት የሚሰካው ሃይብሪድ ግን ማታ ማታ ኃይል ለሚሞላው ብቻ ነው፤ ሳይሰካ የሚነዳው ሰው ከባድ ባትሪ በከንቱ ተሸክሞ ይዞራል።

መድኑ የሚወደደው መኪናው ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፓራውልት ውስጥ ራዳር፣ መስታወት ላይ ካሜራ አለ፤ ትንሽ ግጭት ከቀለምና ከብረት ማቅናት አልፎ ሴንሰሮችን በመሣሪያ መልሶ ማስተካከል ይጠይቃል። ሌቦችም ይወዷቸዋል። ቁልፍ ሳይነካ የሚከፈት መኪና፣ አንዱ ሌባ ቤቱ በር አጠገብ ሌላው መኪናው አጠገብ ሆነው የቁልፉን ምልክት በመሣሪያ አጉልተው በማስተላለፍ በደቂቃ ውስጥ ይወስዱታል። ቁልፉን ምልክት በማያሳልፍ ከረጢት ማኖር ወይም ይህን አገልግሎት ከመኪናው ማውጫ ማጥፋት ይረዳል።

ታዲያ ማን ይግዛ?

ረጅም መንገድ አዘውትሮ የሚጓዝ፣ ከባድ ተጎታች የሚስብ ወይም ከፍ ያለ መቀመጫ ለጤናው የሚያስፈልገው፣ የመኪናውንም ዋጋ ከፍሎ ለትልቅ ጥገና የሚሆን ገንዘብ የሚተርፈው ሰው ቢገዛ አይቆጭም። የመግዣው ብድር ወርኃዊ ገቢውን የሚያሟጥጥበት ሰው ግን በገዛበት ቀን መኪናውን እንደሚጎዳ ይወቅ፤ ዘይት ይዘገያል፣ ርካሽ ጎማ ይገጠማል፣ የሚያፈሰው ከረጢት «እስከ ሚቀጥለው ወር» ይቆያል። ለእርሱ ከቅንጦቱ መኪና ጋር አንድ መሠረት ያለው ተራ ስም የሚሻል ምርጫ ነው፤ ቱዋሬግ ከካየን፣ ላንድክሩዘር ከኤልኤክስ ጋር የሚጋራውን ብዙ ነገር ያገኛል። ከመንገድ ውጭ የማይወጣ ደግሞ ዝቅ ያለ ስቴሽን ዋገንንም ይይ፤ ዕቃ ያን ያህል ይጭናል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ መታጠፊያም ላይ ይበልጣል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር የሚነጋገረው ስለ ዋጋ ብቻ አይሁን። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያደረበት ቦታ ድረስ ሄዶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ አራቱም ማዕዘን እኩል መቆማቸውን ይይ፤ ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀው በሌላ ቀን ይመለስ። የአየር ሞላውን ከፍና ዝቅ አድርጎ ኮምፕሬሰሩ ሲያጓራ ወይም ሲንተፋተፍ ያዳምጥ። ምንጣፉን ገልጦ በእጁ ይዳስስ፣ ሽታውንም ያሽትት፤ የእርጥበት ሽታ በሽቶ አይሸፈንም። የአራቱን ጎማ ስምና የተሠሩበትን ዓመት ያወዳድር። የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቅ። ከዚያም የዚያን መኪና ዓይነት የሚያውቅ መካኒክ ሁሉንም የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖች በመመርመሪያ ኮምፒውተር እንዲያነብ ያድርግ፤ ገና ትናንት የተደመሰሱ ስሕተቶች ካሉ ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ምልክቱ ይቀራል። የምርመራው ክፍያ ከአንድ የአየር ሞላ ከረጢት ዋጋ ያነሰ ነው።